በደሴ ክረምት ቀበቶ የት ይቀመጥ? በመሳቢያ ወይስ በመስቀያ?

የሆጤ ነዋሪ (ሐምሌ 27)

ለተከበራችሁ የመድረኩ ተሳታፊዎች ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ባለፈው ቅዳሜ የባለቤቴን ልብሶች ሳስተካክል የቁም ሳጥናችንን የታችኛውን መሳቢያ ከፈትሁ፤ ይህን ጥያቄ እንዳቀርብ ያደረገኝም በዚያ ያገኘሁት ነገር ነው። አሥራ አንድ ቀበቶዎች እርስ በርሳቸው ተጠላልፈው ስለነበር አንዱን ስስብ ሦስቱ ተከትለው ይወጡ ነበር። ችግሩ ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ ግማሽ ሰዓት ቁጭ ብዬ ፈትቼ በወግ በወጉ ባስቀመጥኋቸው ነበር። ያስደነገጠኝ ግን ከሁሉም ሥር የነበረው የአባቴ ቀበቶ ነው።

አባቴ፣ አላህ ይዘንለትና፣ ይህን ቡናማ ቀበቶ በሠርጌ ዕለት ታጥቆት ነበር። አሁን ከጫፉ አንስቶ እስከ መሐሉ ድረስ አመድ የተነሰነሰበት የሚመስል ነጭ ሻጋታ ለብሷል። የነሐስ ዘለበቱ ከቆዳው ጋር በሚገናኝበት ጥግ ደግሞ በጥፍር ሲነካ እንደ ሰም የሚልም አረንጓዴ ነገር ወጥቶበታል። ከሁሉ በላይ ያሳዘነኝ ለዓመታት ታጥፎ በመቀመጡ ልክ እጥፋቱ ባረፈበት በሦስተኛው ቀዳዳ ላይ የቆዳው ፊት ተሰንጥቆ ማየቴ ነው። ይህን ያደረግሁት እኔው ነኝ፤ እንዳይጠፋብኝ ብዬ በላስቲክ ጠቅልዬ፣ አጥፌ፣ ከሥር ያስገባሁት እኔ ነበርሁ።

ቁም ሳጥኑ የተጠጋው በጦሳ ተራራ በኩል ካለው የውጭ ግድግዳ ጋር ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ጉሙ ከተራራው ሲወርድ ያ ግድግዳ በእጅ ሲዳሰስ ይቀዘቅዛል፤ አንዳንድ ጠዋትም ላብ ያወጣል። የመሳቢያው ውስጥ ስፋት 42 ሳንቲ ሜትር፣ ጥልቀቱ 45፣ ከፍታው 11 ነው። አማቴ ቀበቶ ተጠቅልሎ ነው የሚቀመጠው ይላሉ፤ ጎረቤቴ ደግሞ ካልተሰቀለ ይበላሻል ትላለች። ከቆዳ ጋር የምትሠሩ ወይም በዚሁ በደሴ እርጥበት መፍትሔ ያገኛችሁ ካላችሁ፣ አንደኛ ሻጋታውን እንዴት ላስለቅቅ፣ ሁለተኛ አሥራ አንዱን ቀበቶዎች በየትኛው መንገድ ላስቀምጥ? በትሕትና እጠይቃለሁ።


ቆዳ ሰፊ፣ ኮምቦልቻ (ሐምሌ 27)

እህቴ፣ የአባትዎን ነፍስ ይማር። እኔ ኮምቦልቻ ውስጥ ቀበቶና የእጅ ቦርሳ እየሰፋሁ የምተዳደር ሰው ነኝ። ስለ አደራደሩ ከመነጋገራችን በፊት ስለ መድረቁ እንነጋገር፤ ምክንያቱም እርጥበት የያዘ ቀበቶ ምንም ያህል በሥርዓት ቢደረደር ከሻጋታ አያመልጥም። ቆዳ የእንስሳ ገላ ነው፤ በውስጡ ፕሮቲንና ቅባት አለ። በአካባቢው ያለው አየር እርጥበት 70 በመቶ አካባቢ ሲደርስና አየሩ ሳይንቀሳቀስ ሲቀር ሻጋታ በቀላሉ ይበቅልበታል። ደሴ በ2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር ዝቅ ትላለች። በመካከላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ቢሆንም ከደሴ የሐረጎን ዳገት ወርዶ የሚመጣልኝ ቀበቶና እዚሁ ከታች የሚመጣልኝ ቀበቶ በሽታቸው አንድ አይደለም። የደሴው ይሻግታል፤ የኮምቦልቻው ይደርቅና ይሰነጠቃል።

አሁን ወደ አባትዎ ቀበቶ ልምጣ። መጀመሪያ ከቤት ውጭ ያውጡት፤ የሻጋታው ብናኝ በሌሎች ልብሶች ላይ እንዳያርፍ፣ ወደ ሳንባዎም እንዳይገባ አፍና አፍንጫዎን ይሸፍኑ። በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ፊቱንም የሥጋ ጎኑንም፣ ማለትም ወደ ሰውነት የሚዞረውን ሻካራውን ጎን፣ ይጥረጉ። በመቀጠል ውሃና የሕክምና አልኮል እኩል በእኩል ቀላቅለው፣ ጨርቅ ነክረው፣ እስኪደርቅ ድረስ ጨምቀው በስሱ ያብሱት። አልኮል የአንዳንድ ቆዳ ቀለም ስለሚያነሳ በዘለበቱ ሥር በማይታየው ቦታ ላይ አስቀድመው ይሞክሩ። ከዚያ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ቦታ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀንና ሌሊት ይሰቀል። ፀሐይ ላይ አያስጡት፤ ከሰል ምድጃ አጠገብም አያድርጉት። በፍጥነት የደረቀ ቆዳ ይኮማተራልና።

አረንጓዴው ነገር የመጣው በነሐሱ ውስጥ ያለው መዳብ ከቆዳው ቅባት ጋር በመዋሐዱ ነው። በጥርስ ማጽጃ እንጨት ቀስ ብለው ይፋቁት፤ የቀረውን በደረቅ ጨርቅ ይወልውሉት። በውሃ አይጠቡት፤ ውሃው ስፌቱ ውስጥ ገብቶ ይቀራል። ላስቲኩን በተመለከተ ራስዎን አይውቀሱ፤ ብዙ ሰው ዕቃውን የሚወድበት መንገድ ይኸው ነው። ይሁን እንጂ ላስቲክ ቆዳው የያዘውን እርጥበት አፍኖ ያስቀራል፤ ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ የቆዳ ዕቃ ሁሉ ከፌስታልና ከላስቲክ ይውጣ። መሸፈን ካስፈለገ በነጭ የጥጥ ጨርቅ ይሸፈን።


የአራዳ ልብስ ሰፊ (ሐምሌ 28)

ከላይ የተሰጠው ምክር እጅግ ጠቃሚ ነው። በአቀማመጡ ላይ ግን የጎረቤትዎን ሐሳብ እደግፋለሁ። ለሃያ ዓመታት ሱሪ ስሰፋና ሳሳጥር ቆይቻለሁ፤ ደንበኞቼ ቀበቷቸውን ከነሱሪው ስለሚያመጡልኝ ተጠቅልሎ የከረመና ተሰቅሎ የከረመ ቀበቶን ከሩቅ እለያለሁ። ተጠቅልሎ የከረመው ሲታጠቁት ጫፉ ወደ ውጭ እየተጠማዘዘ ከማሳለፊያው ይወጣል። በዘለበቱ የተሰቀለው ግን ቀጥ ብሎ ይወርዳል፤ ክብደቱ ራሱ ያስተካክለዋል። በተጨማሪም የተሰቀለ ቀበቶ ስለሚታይ ይለበሳል። መሳቢያ ውስጥ የገባውን ሰው ይረሳዋል።

አንድ ነገር ግን ሁሉም ሰው ልብ እንዲልልኝ እለምናለሁ። ብዙ ወንዶች ማታ ሱሪያቸውን ከነቀበቶው አውልቀው በወንበር ጀርባ ላይ ወይም በመስቀያ ላይ አጥፈው ያሳድራሉ። ይህ ሁለቱንም ይጎዳል። ቀበቶው በእጥፋቱ ላይ ይሰበራል፤ ዘለበቱ ሱሪውን ወደ ታች እየጎተተ የወገቡን ማስገቢያዎች ስፌት ያላላል። በየወሩ ከምሰፋቸው ማስገቢያዎች አብዛኞቹ በዚህ ምክንያት የተፈቱ ናቸው። ማታ ቀበቶው ከሱሪው ይውጣ፤ ሁለቱም ለየብቻ ይሰቀሉ።


ቆዳ ሰፊ፣ ኮምቦልቻ (ሐምሌ 28)

እትዬ የአራዳዋ፣ ስለ ሱሪው የተናገሩት ፍጹም እውነት ነው። ስለ መስቀሉ ግን አንድ ነገር ብጨምር ቅር አይበልዎ። ሁሉም ቀበቶ በአንድ መንገድ አይቀመጥም። ወፍራም፣ ወጥ ቆዳ የሆነና ከ4 ሚሊ ሜትር የማያንስ ውፍረት ያለው ቀበቶ ቢሰቀል ይሻለዋል፤ ቢጠቀለል እርስዎ እንዳሉት ቅርጹን ይይዛል። እንደ ሹሩባ የተጎነጎነ ቀበቶና ላስቲክ ያለበት ቀበቶ ግን ተሰቅሎ ሲከርም በራሱ ክብደት እየረዘመ ይሄዳል፤ ለእነዚህ ጥቅል ይሻላል። ከሙሉ ልብስ ጋር የሚታጠቅ ቀጭን ቀበቶ፣ ማለትም ከ3 እስከ 3.5 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው፣ በሁለቱም መንገድ ይቀመጣል፤ ዋናው ነገር ጥቅሉ የላላ መሆኑ ነው።

አጠቃለሉን ላሳይ። የቆዳው ፊት ምንጊዜም ወደ ውጭ ይሁን። ቀበቶ ወገብ ላይ ሲሆንም ፊቱ ወደ ውጭ ነው የሚለጠጠው፤ ወደ ውስጥ ከተጠቀለለ ፊቱ ይጨማደዳል። ብዙ ሰው ከዘለበቱ ጀምሮ ይጠቀልላል፤ ዘለበቱ መሐል ስለሚገባ ጥቅሉ ያምራል። እኔ ግን ይህን አልመክርም፤ የዘለበቱ ጠርዝና ምላሱ የመጀመሪያውን ዙር ቆዳ እየተጫኑ ምልክት ይተዉበታል። ከጫፉ ይጀምሩ። የሶፍት ካርቶን ቱቦ፣ ያ መሐሉ ላይ የሚቀረው፣ 4 ሳንቲ ሜትር ያህል ውፍረት አለው፤ የቀበቶውን ጫፍ በእሱ ላይ አድርገው ሳያጠብቁ ያዙሩት። 110 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ቀበቶ እንዲህ ሲጠቀለል ከ8 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ይሆናል፤ ዘለበቱም በስተውጭ ላይ ያርፋል። መሳቢያውን ሲከፍቱ የሚታይዎት ዘለበቱ ስለሆነ የትኛው የማን እንደሆነ ሳይፈቱ ያውቃሉ። በላስቲክ ማሰሪያ ግን አይሰሩት፤ ቆዳው ላይ ቀለበት ያስቀራል።


የፒያሳ ተከራይ (ሐምሌ 29)

የእኔ ሁኔታ ከእናንተ ለየት ይላል። በአንዲት ክፍል ውስጥ ተከራይቼ የምኖር ሠራተኛ ነኝ፤ ቁም ሳጥን የለኝም። አራት ቀበቶዎች አሉኝ፤ አራቱንም በር ጀርባ በመታኋቸው ሚስማሮች ላይ ሰቅያቸዋለሁ። ባለፈው ክረምት ለመጀመሪያ ደመወዜ መታሰቢያ የገዛሁት ፈዘዝ ያለ ቡናማ ቀበቶ ሚስማሩ የነካው ቦታ ላይ እንደ ቀለም የጠቆረ ክብ ምልክት አወጣ። ጫማ የሚያስውብ ልጅ ሁለት ጊዜ ቀባልኝ፤ አልጠፋም። ምክንያቱን የሚያውቅ ቢነግረኝ በጣም ደስ ይለኛል፤ ሌሎቹን ሦስቱን ማዳን እፈልጋለሁ።


ቆዳ ሰፊ፣ ኮምቦልቻ (ሐምሌ 29)

ወንድሜ፣ ቀበቶህ በእፅዋት ቅርፊት የለፋ ቆዳ ሳይሆን አይቀርም። እንዲህ ያለ ቆዳ በውስጡ ታኒን አለው፤ ታኒን ደግሞ ሻይን መራራ የሚያደርገው ዓይነት ነገር ነው። እርጥበት ባለበት ከብረት ጋር ሲገናኝ ጥቁር ሰማያዊ ቀለም ይሠራል፤ ቀለሙም ቆዳው ውስጥ ስለሚሰርግ በላይ በላይ መቀባት አያጠፋውም። በክሮም በለፋ ቆዳ ላይ ይህ በእጅጉ ያነሰ ነው፤ ጥቁር በሆነ ቀበቶ ላይ ደግሞ ቢኖርም አይታይም። ሚስማሮቹን ንቀልና በምትካቸው የእንጨት ማንጠልጠያ ወይም የፕላስቲክ መንጠቆ አድርግ። ሚስማሩ የግድ ከሆነ ራሱን በጥጥ ጨርቅ ጠቅልለው፤ ጨርቁን ግን በየጊዜው ቀይረው፤ ዝገት ያልፍበታልና።

የተሰቀለው ቀበቶ ግድግዳውን ተደግፎ እንዳይውል ተጠንቀቅ። የበሩን ጀርባ መምረጥህ መልካም ነው፤ በር ሲከፈትና ሲዘጋ አየር ያገኛል።


አናጺ፣ ሸዋ በር (ነሐሴ 2)

ይህን ውይይት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብሁት። ስለ ቆዳው በቂ ተብሏል፤ ስለ ሳጥኑ የተባለው ግን ጥቂት ስለሆነ የበኩሌን ላዋጣ።

እመቤቴ፣ የመጀመሪያው ሥራ ቁም ሳጥኑን ከዚያ ግድግዳ ማራቅ ነው። ከሞቀው ክፍል ውስጥ ያለው አየር በቁም ሳጥኑና በቀዝቃዛው ግድግዳ መካከል ገብቶ ሲቆም ውሃ ይሆናል፤ የሳጥኑ ጀርባ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ስስ ሰሌዳ ብቻ ስለሆነ እርጥበቱን በቀላሉ ወደ ውስጥ ያሳልፋል። ቢያንስ 10 ሳንቲ ሜትር ያርቁት። ከተቻለ ወደ ክፍሉ የውስጥ ግድግዳ ያዙሩት። ደሴ ውስጥ የክረምት ሻጋታ የያዘው ቁም ሳጥን አይቼ ስመልስ አሥሩን ጊዜ ዘጠኙን ያገኘሁት ከውጭ ግድግዳ ጋር ተጣብቆ ነው። እግር ከሌለውም ከሥሩ አራት የእንጨት ቁራጮች ያስገቡለት፤ ቺፑድ ከወለል እርጥበት ሲጠጣ እንደ ዳቦ ያብጣል።

ሁለተኛው የመሳቢያው ክፍፍል ነው። 42 በ45 የሆነው መሳቢያዎ በአራት ረድፍ አራት አራት ቤት ቢከፈል አሥራ ስድስት ቤቶች ይወጡታል፤ እያንዳንዱ ቤት 10 በ11 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። ለአሥራ አንድ ቀበቶዎች ይተርፋል። ክፍፍሉን ለመሥራት የ4 ሚሊ ሜትር ኮምፖርሳቶ በ8 ሳንቲ ሜትር ቁመት ስድስት ጊዜ ያስቆርጡ፤ ሦስቱ 42፣ ሦስቱ 45 ሳንቲ ሜትር ይሁኑ። በየመገናኛቸው ላይ እስከ ግማሽ ቁመታቸው ይሰንጥቋቸውና አንዱን ከላይ አንዱን ከታች አድርገው ያጠላልፏቸው። ሙጫም ሚስማርም አያስፈልግም፤ ለማጽዳት ሲፈልጉ እንዳለ ይነሳል። የክፍፍሉ ቁመት 8 ብቻ የሆነው ሆነ ብዬ ነው፤ ከላይ በሚቀረው 3 ሳንቲ ሜትር አየር ይመላለሳል። ቀበቶውን በጎኑ አስተኝተው ሲያስቀምጡት ከ4 ሳንቲ ሜትር በላይ ስለማይወጣ እጅ ለማስገባትም ይመቻል። ቦታ አለ ብለው ግን ሁለት ደርበው አያስቀምጡ፤ ከላይ ያለው ዘለበት ከታች ያለውን ይጭራል።

በመሳቢያው ጀርባ ላይ በትራፓኖ 2 ሳንቲ ሜትር የሚሆኑ አራት ቀዳዳዎች ይበሱ። ቫርኒሽ የሚቀቡ ከሆነ ሽታው ፈጽሞ እስኪጠፋ ድረስ ምንም አያስገቡበት፤ በተለይ የፕላስቲክ ቀበቶ አዲስ ቫርኒሽ ላይ ካደረ ይጣበቃል።


የገራዶ መምህር (ነሐሴ 2)

ለአናጺው ሐሳብ አክብሮቴ የላቀ ነው፤ አናጺ የመቅጠር አቅም ወይም ጊዜ ለሌለው ሰው ግን እኔ የሞከርሁትን ልናገር። ቤቴ ሲሠራ የተረፈ ባለ 110 ሚሊ ሜትር የፍሳሽ ቱቦ ነበረኝ፤ በብረት መጋዝ በ5 ሳንቲ ሜትር እየቆራረጥሁ ቀለበቶች ሠራሁበት። ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስሁት። ቀበቶው በቀለበቱ ውስጥ ሲገባ ራሱ እየተለጠጠ ስለሚይዝ አይፈታም፤ ማሰሪያም አይፈልግም። በእርስዎ መሳቢያ ልክ ሳሰላው በስፋቱ ሦስት፣ በጥልቀቱ አራት፣ በጠቅላላው አሥራ ሁለት ቀለበቶች ይገባሉ፤ በአንድ በኩል ደግሞ 9 ሳንቲ ሜትር ያህል ባዶ ቦታ ይተርፋል። ያን ቦታ እኔ እርጥበት ለሚመጥ ከረጢት አውየዋለሁ።


የሆጤ ነዋሪ (ነሐሴ 4)

እግዚአብሔርም አላህም ያክብራችሁ። የአባቴን ቀበቶ በተባለው መንገድ አጽድቼ ሁለት ቀንና ሌሊት በረንዳው ጥላ ላይ ሰቅየዋለሁ፤ ሻጋታው ለቅቋል፤ ስንጥቁ ግን አለ። ቁም ሳጥኑን ባለቤቴና ወንድሙ ወደ ውስጥ ግድግዳ አዙረውልኛል። ከጀርባው ያለው ሰሌዳ በሙሉ ጠቁሮ ሳየው ዘገነነኝ።

መምህር፣ ስለ ከረጢቱ ያነሱት ነገር ሌላ ጥያቄ ፈጠረብኝ። እርጥበት ለመምጠጥ ምን ይሻላል? አማቴ ጨው በሳህን አድርጊ ይላሉ፤ እኅቴ ደግሞ ናፍታሊን ትላለች። እኔ ራሴ በየዐርቡ ዕጣን ሳጨስ ሳጥኑን እከፍትና ጭሱ እንዲገባ አደርጋለሁ።


ቆዳ ሰፊ፣ ኮምቦልቻ (ነሐሴ 4)

ጨው እርጥበትን መሳቡ እውነት ነው፤ ለቆዳ መሳቢያ ግን አልመክረውም። የአየሩ እርጥበት ከ75 በመቶ ሲያልፍ ጨው ራሱ ውሃ እየሆነ ይንጠባጠባል፤ ያ ውሃ ዘለበት ላይ ከደረሰ ብረቱን ይበላዋል፤ ቆዳ ላይ ከደረሰም ነጭ ድንበር ጥሎ ይደርቃል። ናፍታሊን የብል መድኃኒት ነው፤ ለእርጥበት የሚያደርገው ነገር የለም፤ ሽታው ቆዳው ውስጥ ገብቶ ለወራት አይለቅም፤ አንዳንድ ፕላስቲክንም ያለሰልሳል። ዕጣኑ ለቤቱ መልካም ጠረን ይሰጣል፤ ሻጋታን ግን አይከለክልም። ይልቁንም የጠቀመዎት ሳጥኑን በየዐርቡ መክፈትዎ ይሆናል።

የሚሻለው አዲስ ጫማና ቦርሳ ውስጥ የምናገኘው የሲሊካ ጄል ከረጢት ነው። ብዙ ሰው ይጥለዋል፤ አይጣል፤ ልጆች እንዳይውጡት ብቻ ይጠንቀቁ። አንዲት ትንሽ ከረጢት ለአንድ መሳቢያ ስለማትበቃ አሥር ያህል ይሰብስቡ። ከጠገበች በኋላ ሥራዋን ስለምታቆም በየጊዜው ልትደርቅ ይገባል፤ ፍሬዎቹን ከወረቀቱ አውጥተው በብረት ድስት ላይ በለሰለሰ እሳት ለአንድ ሰዓት ያህል ቢያሞቋቸው እንደገና ይመጥጣሉ። ለዚህ ያዋሉትን ድስት ግን ለምግብ አይመልሱት። ይህ ካልተገኘ በደንብ የደረቀ ከሰል በወፍራም የጨርቅ ከረጢት አስረው በጥግ ያስቀምጡ፤ አቅሙ ያነሰ ቢሆንም ይረዳል። ብናኙ እንዳይወጣ ከረጢቱ ድርብ ይሁን።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠውን ደግሞ ልናገር፤ ቀበቶ ከወገብ እንደወጣ መሳቢያ አይገባም። ቀኑን ሙሉ ላብ ሲጠጣ ውሏል፤ በተለይ የሥጋ ጎኑ። ሌሊቱን ከውጭ ተሰቅሎ ይደርና ጠዋት ይግባ። ሁለት ቀበቶ ያለው ሰው ቀን በቀን ቢያፈራርቃቸው አንዱን ብቻ ከሚታጠቅ ሰው ይልቅ የሁለቱም ዕድሜ ይረዝማል።


ከቦርከና ማዶ (ነሐሴ 6)

በኮምቦልቻ በኩል ያለነው ሰዎች ጉዳይ ስለተነሳ አንድ ነገር ልጨምር። የእኔ ቀበቶዎች የሚቀመጡት መስኮት አጠገብ ባለ ክፍት መደርደሪያ ላይ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ታገኛቸዋለች። የታሸገ ሙሉ ቆዳ ተብሎ የተሸጠልኝ ጥቁር ቀበቶ በሁለት ዓመት ውስጥ ፊቱ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ እየተነሳ ረገፈ፤ ሥሩ ጨርቅ ወጣ። ይህ በአቀማመጥ ጉድለት የመጣ ነው ወይስ ቀድሞም የዕቃው ነው?


ቆዳ ሰፊ፣ ኮምቦልቻ (ነሐሴ 6)

የዕቃው ነው፤ ፀሐይዋ ደግሞ አፋጥናዋለች። የሚላጥ ፊት የቆዳ ፊት አይደለም፤ በጨርቅ ላይ የተለበደ ፕላስቲክ ነው። ተፈጭቶ በሙጫ የተጋገረ የቆዳ ብናኝ ላይ የተለበደም አለ። ይህ ልባስ በሙቀትና በእርጥበት ከዓመታት በኋላ ራሱ ይፈራርሳል፤ ቅባት ቢቀቡት አይድንም። ሲገዙ የቀበቶውን የተቆረጠ ጠርዝና የቀዳዳዎቹን ውስጥ ይመልከቱ፤ እውነተኛ ቆዳ ከሆነ በውስጡ የተያያዘ የክር መሳይ ጭረት ይታያል፤ ሌላው ግን እንደ ሳንዱች ንብርብር ነው። መደርደሪያውን ከመስኮቱ ያርቁት። ለቆዳዎቹ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ከክረምት መውጫና በበጋው መሐል፣ ቀለም የሌለው የቆዳ ቅባት በስሱ ይቀቧቸው። የምግብ ዘይት አይጠቀሙ፤ ይቆይና ይከረፋል።


የሰኞ ገበያ እናት (ነሐሴ 9)

ልጆቼ፣ ስለ ቆዳው ብቻ አወራችሁ፤ የሴቱስ መቀነት? እኔ የእናቴን መቀነት ጨምሮ አምስት መቀነቶች አሉኝ። ከቆዳ ቀበቶ ጋር በአንድ መሳቢያ አላኖራቸውም፤ የጥቁር ቆዳ ቀለም በአንድ ክረምት ነጩን ጥጥ ሲነካው አይቻለሁ። አጥፎ ማስቀመጥም ጥለቱን በእጥፋቱ ላይ ያሳሳዋል። አጥቤ በጥላ አድርቄ፣ ፈጽሞ እርጥበት እንደሌለው በጉንጬ ነክቼ አረጋግጬ፣ ከመሐሉ ጀምሬ እንደ ጥቅል ጨርቅ እጠቀልለዋለሁ፤ ዘርፉ በመጨረሻ ከላይ ይቀርና በእጄ እየዳበስሁ አስተካክለዋለሁ። መርፌ ቁልፍ አልሰካበትም፤ ይዝጋል። ከዚያ በነጭ ነጠላ ቁራጭ ተጠቅልሎ ከላይኛው መደርደሪያ ይቀመጣል። የእናቴ መቀነት ከእኔ ዕድሜ ይበልጣል፤ ዛሬም አንድ ክሩ አልተሳሳም።


የፒያሳ ተከራይ (ነሐሴ 11)

ሚስማሮቹን ነቅዬ ከእንጨት የተሠሩ አራት ማንጠልጠያዎች በ5 ሳንቲ ሜትር ልዩነት ገጥሜያለሁ። ከማንጠልጠያው እስከ ወለሉ 125 ሳንቲ ሜትር አድርጌ ስለለካሁ የአንዱም ጫፍ መሬት አይነካም። ለሁላችሁም ከልብ አመሰግናለሁ።


የሆጤ ነዋሪ (መስከረም 18)

ሰላም ለሁላችሁ። ክረምቱ አልፎ መሳቢያውን ዛሬ ሙሉ በሙሉ አውጥቼ ፈተሽሁት። የመምህሩን የቱቦ ቀለበቶች ነው የሠራሁት፤ አሥራ ሁለቱም ገብተዋል። ሁለቱን ወፋፍራም የባለቤቴን ቀበቶዎች እትዬ የአራዳዋ እንዳሉት በበሩ ውስጠኛ ጎን ሰቅያቸዋለሁ፤ በሩ ሲዘጋ ዘለበቱ እንዳይንኳኳ ከሥሩ የሱፍ ጨርቅ ለጥፌበታለሁ። ዘጠኙ በቀለበታቸው ውስጥ ናቸው። በአንዳቸውም ላይ ሻጋታ የለም፤ ጠረናቸውም የቆዳ ጠረን ብቻ ነው።

አንድ የመጨረሻ ጥያቄ ቀርቶኛል። በሚቀጥለው ወር የወንድሜ ኒካህ ነው፤ የመጀመሪያ ልጄ የአያቱን ቀበቶ ካልታጠቅሁ ብሎኛል። ልጁ ከአያቱ ይልቅ ቀጭን ነው። በሦስተኛው ቀዳዳ ላይ ያለው ስንጥቅ እንዳይቀደድ እፈራለሁ፤ ከዘለበቱ በኩል አስቆርጬ ላሳጥረው ወይ?


ቆዳ ሰፊ፣ ኮምቦልቻ (መስከረም 18)

አያስቆርጡት፤ አደራ። ቢያሳጥሩት ልጁ የሚታጠቅበት ቀዳዳ ተመልሶ ያው ሦስተኛው ይሆናል፤ ጭነቱም ስንጥቁ ላይ ያርፋል። ቀዳዳዎቹ በ2.5 ሳንቲ ሜትር ልዩነት የተበሱ ከሆኑ ለዘለበቱ የሚቀርበው የመጀመሪያው ቀዳዳ ከሦስተኛው 5 ሳንቲ ሜትር ያጥራል። ልጁ በዚያ ቢታጠቀው የተሰነጠቀው ክፍል ከዘለበቱ አልፎ በማሳለፊያው ውስጥ ከሚተኛው ጫፍ ላይ ይሆናል፤ እዚያ ደግሞ ምንም አይጎትተውም። ከመታጠቁ በፊት በነበረው ሌሊት ከቀለበቱ አውጥተው በዘለበቱ ይስቀሉት፤ ጠዋት ቀጥ ብሎ ይጠብቀዋል።


የሆጤ ነዋሪ (መስከረም 19)

ዛሬ ጠዋት አስሞከርሁት፤ በመጀመሪያው ቀዳዳ ልክ ሆኖለታል።